ባዶው ቱቦ ሲተነፍስ

ይህ ነገር የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ከሰው አልሰማሁትም... በዓይኔ አየሁት።

ማመንም አለማመንም የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ የጨመርኩት የለም። የቀነስኩት ግን አለ፤ አንዳንዱን ልጽፍ ስል እጄ እምቢ ስላለኝ።

የሚያስፈራ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ ይመስላችኋል አይደል?

እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

የእኔ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት... አልበከርኪ ከተማ ዳር፣ ቤቱ አልቆ በረሃው በሚጀምርበት ቦታ። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ እንደ ምንጣፍ ተዘርግታለች። ውጭ አንድ ሰው መኪናውን እያጠበ ያፏጫል።

ባዶው ቱቦ መተንፈስ የጀመረው በዚያ ሰዓት ነው።

ዴልፊና እባላለሁ። ሥራዬ አቧራ መለካት ነው።

ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ እንስሳ አቧራ ያለበት አየር ሲስብ ምን ያህሉ ተመልሶ ይወጣል? ምን ያህሉስ ሳንባው ውስጥ ይቀራል? የቀረው የት ነው የሚያርፈው... ጉሮሮ ላይ? ቀጫጭኖቹ የአየር መንገዶች ላይ? ወይስ ታች፣ ማንም ጠርጎ በማያወጣው ጥግ?

ይህን በአይጦች ላይ እንለካለን። ቁጥሩን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተን የሳንባውን ምስል እንሠራለን። በአይጥ ያየነው በሰው ላይ ቢሆን ምን እንደሚመስል የሚነግረን ያ ምስል ነው።

መሣሪያው የሰው ቁመት ያለው የብረት ማማ ነው። ዙሪያውን ብርሃን የሚያስተላልፉ የፕላስቲክ ቱቦዎች ተሰክተውበታል። በየቱቦው አንዲት አይጥ ትገባለች፤ አፍንጫዋ ብቻ ወደ ማማው ቀዳዳ ይገባል። አቧራው ከላይ ይነፋል... እነሱ ይተነፍሳሉ። የእያንዳንዷ ትንፋሽ ስክሪኑ ላይ እንደ ቀጭን ክር ይሮጣል።

አንዱን ቱቦ ሁልጊዜ ባዶ እንተወዋለን። መለኪያው እንዳይዋሸን ነው። ባዶ ቱቦ አይተነፍስም፤ ክሩ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት።

ባዶው ዘጠነኛው ነበር።

በዚያ ሰሞን የምንነፋው አቧራ ከግራንትስ ከተማ በላይ ካለ የተዘጋ የዩራኒየም ማዕድን ጉድጓድ የመጣ ድንጋይ ተፈጭቶ ነው። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ያ አቧራ የሰው ቤት ይገባል። ሰዎቹ "ይጎዳናል ወይ?" ብለው ጠየቁ። መልስ እንድናገኝ ድንጋዩ ለእኛ ተላከ።

ጉድጓዱን አውቀዋለሁ። አባቴ ጉልበታቸውን የጨረሱት እዚያ ነው።

እናቴ ከሞተች በኋላ አባባ ከግራንትስ መጥተው ከእኔ ጋር ነበር የሚኖሩት። ስማቸው ኤሊሴዮ ነው። የኦክስጅን ሲሊንደራቸው በሁለት ጎማ ላይ ተጭኖ የትም ይከተላቸዋል።

"ሁለተኛዋ ሚስቴ ናት" ይላሉ። "ከመጀመሪያዋ የምትሻለው ስለማትጨቃጨቅ ነው።"

እኔንም አይምሩኝም።

"ከአይጥ ጋር ትውያለሽ፣ ከሽማግሌ ጋር ታድሪያለሽ። ባል ከየት ይምጣ?"

"ባል እንደ አቧራ ነው አባባ። አንዴ ከገባ አይወጣም።"

ይስቃሉ። ሳቁ ሳል ይሆናል። ሳሉ ሲያልፍ ትንፋሻቸውን እሰማለሁ።

ሁለት አጭር... ቆም... ከዚያ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ፉጨት ያለው።

የቤታችን ግድግዳ ስስ ነው። ለዓመታት ያንን ትንፋሽ እየሰማሁ ተኝቻለሁ፣ ያንን ትንፋሽ እየሰማሁ ነቅቻለሁ። ከሺህ ሰው መሃል ብትሰጡኝ ለይቼ አወጣዋለሁ።

እንግዲህ ያን ዕለት ወደ ሆነው ልመለስ።

ሎሪንዳ እንስሶቹን የምትንከባከብ ባልደረባዬ ናት። የናቫሆ ነገድ ልጅ ናት፤ ወሬ አታበዛም፣ ቀልዷም ደረቅ ነው። አይጦቹን በየቱቦው አስገብታ ጓንቷን ስታወልቅ ድንገት ቆመች።

"ዴልፊ..."

"አቤት?"

"ዘጠኝ ላይ ማንን አስገባሽ?"

"ማንንም። ባዶ ነው።"

"ባዶ ነው?"

"አዎ አልኩሽ እኮ!"

"ታዲያ ለምን ላበው?"

ዞር አልኩ።

ዘጠነኛው ቱቦ ከውስጥ በኩል ጉም ለብሷል። ጉሙ ቀስ ብሎ ጠፋ... ቀስ ብሎ ተመለሰ። መስታወት ላይ እፍ ሲሉበት እንደሚሆነው።

ስክሪኑን አየሁ። የአይጥ ትንፋሽ ፈጣን ነው፤ ክሩ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ይወጋል። ዘጠነኛው ግን...

ቀስ ብሎ ወጣ።

ቀስ ብሎ ወረደ።

"የሆነ ቦታ አየር ያስገባል" አልኩ። ቱቦውን ነቅዬ በአዲስ ቀየርኩት። ሽቦውንም ቀየርኩት።

አዲሱ ቱቦ ጉም ለበሰ።

ሎሪንዳ እጄን ያዝ አደረገችኝ። "አይጦቹን እያቸው" አለች በሹክሹክታ።

አይጦች ቱቦ ውስጥ ዝም አይሉም፤ ይቁነጠነጣሉ፣ ጭራቸውን ይወዘውዛሉ። አሁን ግን አንዷም አትንቀሳቀስም። የዘጠነኛው ክር ቆም ሲል... የሁሉም ክር ቆም ይላል። እሱ ሲቀጥል እነሱም ይቀጥላሉ።



"አያቴ ብትሆን በሩን ሰብራ ትወጣ ነበር" አለች ሎሪንዳ። "እኔ ግን ደመወዜን እፈልገዋለሁ። እንስሶቼን ስጪኝና ልሂድ።"

ብቻዬን ቀረሁ።

ከየቱቦው የሚመለሰውን አቧራ የሚይዝ ማጣሪያ አለ። ባዶ ቱቦ የተሰጠውን ሁሉ መመለስ አለበት፤ የሚያስቀርበት ሳንባ የለውማ። የዘጠነኛውን ማጣሪያ አወጣሁት።

ነጭ ነበር። እምብዛም አልተነካም።

የሰጠነውን ሁሉ... አስቀርቶታል።

ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባሁ። ፕሮግራሙ ከትንፋሹና ከቀረው አቧራ ተነሥቶ የሚስማማውን ሳንባ ይፈልጋል። የአይጥ አልሆነም። የውሻም አልሆነም። "ሰው" የሚለውን ነካሁ።

ምስሉ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ወጣ። ትልቅ ሳንባ... ያረጀ... የቀኝ ጎኑ ከመሃል እስከ ታች ጥቁር። አየር የማይደርስበት።

ያንን ጥቁር ቦታ አውቀዋለሁ። በራጅ ፊልም፣ የሐኪም ቤት መብራት ላይ ተሰቅሎ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ክሩን ተከተልኩት።

ሁለት አጭር።

ቆም።

አንድ ረጅም።

ወደ ቤት እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም።

አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን ዶኛ ኤውፌሚያ ያመጣችላቸው ፖሶሌ የሚባል የበቆሎ ሾርባ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ምነው አባባ? አልበሉም?"

"አፌ ድንጋይ ድንጋይ አለኝ።"

"መቼ ጀመረዎት?"

"ከሰዓት ጋደም ስል ነው። ጉድጓድ ወረድኩ ልጄ።"

"በሕልምዎ?"

"እንጃ። ሕልም እንደዚህ አይሸትም።" ከንፈራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "የምሠራበት ጉድጓድ አልነበረም። ጠባብ ነው... ትከሻዬን ይዞኛል። ፊቴ ቀዳዳ ውስጥ ነው። አቧራው ከላይ ይመጣል... እኔ ደግሞ ዞር ልል አልቻልኩም።"



"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በጎን በኩል ብርሃን ሆነ። አንድ ዓይን መጣ። ትልቅ፣ ከእኔ የሚተልቅ። ጎንበስ ብሎ አየኝ።"

መሐረቡን ተቀበልኳቸው።

"ዴልፊና..." አሉ አባባ። "ዓይኑ ያንቺን ይመስል ነበር።"

በማግስቱ ለዌንደል ነገርኩት። ዌንደል የክፍላችን ኃላፊ ነው፤ በዕድሜ እበልጠዋለሁ፣ ክፉ ሰው አይደለም። ስለ አባባ አላነሣሁም። ዘጠነኛው ቱቦ ችግር አለበት፣ ከማማው ይነቀል አልኩት።

"ቀዳዳ ይኖረዋል" አለ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። "ቡሽ ወትፊበትና ሥራሽን ቀጥዪ።"

እውነትም ምን ችግር አለው? ቀዳዳውን ከደፈንኩት አቧራ አይገባም። ለአባባም ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ጉሙ መጣ። ቡሹን አንሥቼ ቱቦው ወደ ማማው የሚከፈትበትን ቀዳዳ ወተፍኩት።

ክሩ ቀጥ አለ። እፎይ አልኩ።

ከዚያ ክሩ ዘለለ። እንደገና ዘለለ። ቡሹ ወደ ውስጥ ሲሳብ በዓይኔ አየሁት... ፕላስቲኩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። አይጦቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመሩ።

ስልኬ ጠራ።

"ዴልፊና! ኤውፌሚያ ነኝ! አባትሽ... ኧረ አባትሽ ትንፋሽ አጠራቸው!"

"ሲሊንደሩን ክፈቺው!"

"ክፍት ነው እኮ! አየሩ አልገባ አላቸው! ልቀሰቅሳቸው ብል አይነቁም... ፊታቸው ጠቆረ... እመቤቴ ድንግል!"

ቡሹን በጥርሴ ነው የነቀልኩት።

ስልኩ ውስጥና ስክሪኑ ላይ፣ እኩል... አንድ ረጅም ትንፋሽ።

"ተነፈሱ!" አለች ዶኛ ኤውፌሚያ እያለቀሰች። "ተመስገን፣ ተነፈሱ..."

እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ስለዚህ መድፈን አይቻልም። ነቅዬ ብጥለውስ? ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል... በአባቴ ትንፋሽ አልሞክርም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አይጦቹ ገብተው በሩ ሲዘጋ፣ የአቧራውን መንፊያ አጠፋዋለሁ። በምትኩ ንጹሕ አየር እለቃለሁ፤ እርጥበት ያለው፣ ኦክስጅን የተቀላቀለበት። ከዚያ ዘጠነኛው ቱቦ አጠገብ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ጉሙ ሲመጣ ሲሄድ አያለሁ።

ሎሪንዳ አየችኝ። ለዌንደልም አልነገረችብኝም። አንድ ቀን ብቻ ስታልፍ፣

"ዛሬ ቀለል ያለው ይመስላል" አለችኝ።

እውነት ነበር። እየደከሙ የነበሩት አባባ ተነቃቁ። አረንጓዴ ቃሪያ ወጥ አምጪ አሉ፣ በላይ በላዩ በሉ። ሲሊንደራቸውን በር ላይ ትተው እስከ መስኖው ቦይ ሄደው ተመለሱ።

"ሚስትዎን ጥለው?" አልኳቸው።

"ትንሽ ትናፍቀኝ።"

በዚያ ምሽት አጠገባቸው ተቀምጬ ጥፍራቸውን ስቆርጥላቸው በድንገት፣ "ጉድጓዱ ውስጥ ዛሬ ነፋስ ነበር" አሉኝ። "የዝናብ ሽታ ያለው።"

መቁረጫውን አስቀመጥኩት።

"ዓይኑ ያንቺ ነው፣ አይደል?"

መዋሸት አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ማማውን፣ ቱቦውን፣ ጉሙን። አላቋረጡኝም።

"ስታዪኝ ታዲያ..." አሉ ሲቆዩ፤ "እዚያ ውስጥ ምን እመስላለሁ?"

"ምንም አይታይም አባባ። ባዶ ነው።"

"ባዶ..."

ከዚያ እጄን ያዙኝ።

"አትሂጂ ብቻ። ስታዪኝ አልፈራም።"

ነገሩ ግን ተደብቆ አይቀርም። የአይጦቹ የሳምንት ልኬት ሲወጣ ዌንደል ቢሮው ጠራኝ።

"አቧራ የለም፣ ዴልፊ። ከማማው የሚወጣው ንጹሕ አየር ነው። መንፊያውን ማን ዘጋው?"

"እኔ።"

"ምን ሆነሽ ነው?"

ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም... እንደ ታመመ ሰው አየኝ። ያ ባሰብኝ።

"ና ላሳይህ!" አልኩት። ጎትቼ ወሰድኩት። ማማውን አስነሣሁ። ረፋድ ነበር። አባባ በዚያ ሰዓት አይተኙም፤ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ያነባሉ።

ክሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ቱቦው እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነው።

"አየሽ?" አለ ለስለስ ብሎ። "አባትሽ እየሞቱ ነው ዴልፊ። ሰው ሲጨንቀው ብዙ ነገር ያያል። ቤት ሁኚ። ከሳቸው ጋር ሁኚ።"

"ሁለት ነገር ቃል ግባልኝ። ዘጠነኛውን አትድፈነው። አቧራም አትንፋበት።"

እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

"እሺ" አለ።

ቤት ዋልኩ። አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር... ያ ነገር የሚመጣው አባባ ሲተኙ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ እንዳይተኙ ማድረግ ያዝኩ። ዶሚኖ እናወጣለን። ሬዲዮ አስጮኻለሁ። ሸለብ ሊያደርጋቸው ሲል አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ።

"ሚስት ብትሆኚ ኖሮ ፈትቼሽ ነበር" ይሉኛል ዓይናቸውን እያሹ።

ሌሊቱንም ደህና አያድሩም፤ ሳሉ ይነሣባቸዋል። ድካሙ በላያቸው ላይ ተከመረ። አየሁት፤ ግን ምን ላድርግ?

አንድ ቀን ጠዋት እንቁላል በቃሪያ ሠርቼ አቀረብኩላቸው። ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ሹካውን አስቀመጡት።

"ትንሽ ልተኛ ልጄ። ትንሽ ብቻ።"

"አይሆንም አባባ። ቆይ ሻይ ላፍላልዎት።"

ጀርባዬን ሰጥቼ ማንቆርቆሪያውን ውሃ ሞላሁ። ውሃው ሲቆም ከኋላዬ ሰማሁ።

ሁለት አጭር... ቆም...

ዞር አልኩ። ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ዓይናቸው ተከድኗል።

"አባባ! ይንቁ!" ነቀነቅኳቸው። "አባባ!"

"አቧራ..." አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። "ወፍራም ነው ዛሬ..."

"እዚህ ነዎት! ቤት ነዎት! እኔ ነኝ!"

"ዓይን መጣ።"

"የእኔ ነው አባባ። እኔ ነኝ፣ አይፍሩ።"

"አይደለም..." ጣቶቻቸው ክንዴ ውስጥ ገቡ። "ያንቺ ጥቁር ነው። ይሄ ሰማያዊ ነው።"



በላብራቶሪያችን ሕንፃ ውስጥ ሰማያዊ ዓይን ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዌንደል።

በአንድ እጄ አባባን ይዤ በሌላው ደወልኩ። ዌንደል አላነሣም። ደግሜ ለሎሪንዳ ደወልኩ።

"ሎሪንዳ! ዌንደል የት ነው?"

"ማማው ጋ። ማንም እንዳይገባ ብሏል።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "በካሜራ እየቀረጸ ነው... ምንም እንደሌለ ላሳያት ነው፣ ልቧ ያርፍላታል አለ።"

"ግቢ! አቧራውን አጥፊው! ቱቦውን ግን እንዳይነካው በይው! ሰማሽኝ? እንዳይነካው!"

ስትሮጥ ጫማዋ ይሰማኛል። በር ተከፈተ። ከዚያ የዌንደል ድምፅ... እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

"ኧረ ምንድን ነው ይሄ? ምንድን ነው! ሎሪንዳ፣ ውስጡ... ውስጡ ያለው ነገር..."

"አትንካው ብላለች!" ስትል ሰማሁ። "ዌንደል! አትን..."

ጠቅ።

ቡሽ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ከየትም ቦታ አውቀዋለሁ።

የአባባ ደረት ወደ ላይ እየወጣ ነበር። እዚያው ላይ ቆመ። አልወጣም፣ አልወረደም።

"አውጡት!" ብዬ ጮህኩ። "አውጡት! አውጡት!"

ሎሪንዳ ነቅላዋለች። ኋላ እንደነገረችኝ በጥፍሯ ነው ፈልቅቃ ያወጣችው፤ አንዱ ጥፍሯም አብሮ ተነሣ። ግን ቡሹ ሲወጣ ክሩ ቀጥ ብሎ ነበር።

ክንዴን የያዙት ጣቶች አንድ በአንድ ላሉ።

ሐኪሙ መጥቶ አየና ሳንባቸው ደክሞ ነው አለ። ልክ ነው። ከእሱ በፊት ግን አፋቸውን የጠረግኩት እኔ ነኝ። ከንፈራቸው ላይ አቧራ ነበር፤ እንደ ዱቄት የላመ፣ ግራጫ። አሸተትኩት። የረጠበ ድንጋይ ይሸታል።

ግራንትስ፣ እናቴ አጠገብ ቀበርናቸው። ዌንደል መጥቶ ነበር። ከሰው ኋላ ቆሞ ቆየ፤ ሰው ሲበተን ቀረበኝ።

"ፈርቼ ነው" አለኝ። "ሆን ብዬ አይደለም ዴልፊ... እምልልሻለሁ። እጄ ነው የደፈነው።"

"ምን አየህ?"

"ምንም። ባዶ ነበር።"

"ታዲያ ምን አስፈራህ?"



"ባዶው ያየኝ ነበር" አለ።

ልሰድበው አስቤ ነበር። ልመታውም አስቤ ነበር። አልቻልኩም። እኔም እኮ መጀመሪያ የደፈንኩት ይሻላል ብዬ ነው።

ከዚያ ላብራቶሪ ወጣሁ። ሥራውም ተቋረጠ። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ዌንደል ደወለ።

"የአይጦቹን ሳንባ አየነው" አለ። "ግማሾቹን።"

"እና?"

"አንዲት ቅንጣት የለም። ዛሬ የተወለዱ ነው የሚመስሉት፣ ሳንባቸው ሮዝ ነው።"

"እኔ ንጹሕ አየር ስሰጣቸው ስለነበር ነዋ።"

"አይደለም ዴልፊ። አንቺ ከመጀመርሽ በፊት ያሉትም ጭምር። ያን ዕለት ጠዋት እኔ ራሴ የነፋሁባቸውም። ሁሉም።" ትንፋሽ ወሰደ። "ያ ሁሉ አቧራ የት ሄደ?"

ስልኩን ዘጋሁት።

የመጨረሻው ጥሪ ከሎሪንዳ ነው።

"ነይ" አለችኝ። "የተረፉት እኔ ጋ ናቸው። ዌንደል አላያቸውም። ባታይው ይሻልሽ ነበር... ግን ብቻዬን ልይዘው አልቻልኩም።"

ሄድኩ። እኩለ ቀን ነበር። የእንስሳት ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ነጭ መብራት በርቷል፤ መስኮት የለውም፣ ማራገቢያውም ጠፍቷል። የአይጦቹ የሽቦ ቤት መሃል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ምግባቸው እንደተቀመጠ ነው፣ ውሃቸውም አልተነካም።

ሁሉም በአንድ ጎን ተደርድረዋል። አፍንጫቸውን በሽቦው ቀዳዳ አውጥተው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ባዶውን ግድግዳ ያያሉ።

"በዚያ በኩል ምን አለ?" አልኩ።

"ምዕራብ ነው" አለች ሎሪንዳ።

ግራንትስ በምዕራብ ነው፤ ጉድጓዱም፣ የአባባ መቃብርም።

ሎሪንዳ ቤቱን በሁለት እጇ ያዘችና ቀስ ብላ ጀርባውን ወደ ፊት አዞረችው። አይጦቹ አልተደናገጡም። እየተከታተሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ አስከሬን እንደሚሸኝ ሰው በዝግታ ዞሩ። ሄደው በዚያኛው ጎን ተደረደሩ። አፍንጫቸውን አወጡ። ግድግዳውን አዩ።

"ሆዳቸውን እዪው" አለችኝ በሹክሹክታ።

ጎንበስ አልኩ። ሥራዬ ነውና የአይጥ ትንፋሽ በዓይኔ እቆጥራለሁ። ጠበቅኩ... ጠበቅኩ...

አንዳቸውም አይተነፍሱም።

ዓይናቸው ግን ያበራል። ጢማቸው ደግሞ... በዚያ በታፈነ ክፍል ውስጥ፣ ከግድግዳው ብርቱ ነፋስ እንደሚነፍስባቸው ሁሉ፣ ወደ ኋላ ተኝቶ ይርገበገብ ነበር።